የእማ ዘሀራ ዱባ በእናቴ ዶሮዎች መሀል

የዱባ ቅጠል ሲቀደድ የሚወጣውን ሽታ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ትንሽ መረር ያለ፣ እጅ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። እኔ ግን ይህ ሽታ ከዶሮ ኩስና ዝናብ ከጠጣ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ከመጣብኝ፣ የትም ልሁን የት ባለሁበት እቆማለሁ። ባለፈው ክረምት ለጉዳይ ሐይቅ ከተማ ሄጄ በአንድ የማላውቀው ሰው ጓሮ በኩል ሳልፍ ይኸው ሽታ ከአጥሩ ላይ ተቀበለኝ። ባጃጅ ከኋላዬ መጥቶ ጥሩምባውን እስኪያንባርቅብኝ ድረስ መንገድ መሀል ተገትሬ መቅረቴን አላወቅሁም ነበር። «እማማ፣ ምን ሆነው ነው?» አለኝ ሾፌሩ። እማማ ለመባል ገና ነኝ፤ ቢሆንም ያን ቀን አልተጣላሁትም። አእምሮዬ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ወደነበረው ክረምት ሄዶ ነበርና።

ቤታችን ከከተማው ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። ጎረቤታችን እማ ዘሀራ ነበረች። በእኛና በእሷ ግቢ መካከል የቅንጭብ አጥር አለ፤ አጥሩ ላይ ደግሞ እኔና ልጇ ሀያት የምንሾልክበት ቀዳዳ። ሀያት የጡት እህቴ ናት። እናቴ እኔን ወልዳ ጡቷ ቆስሎ በትኩሳት ስትወድቅ፣ ሀያትን ታጠባ የነበረችው እማ ዘሀራ እኔንም አንስታ አጠባችኝ። «ቀኙ የሀያት፣ ግራው ያንቺ» ትለኝ ነበር። እኔም ነገሩን የምር ይዤው፣ ሀያት በግራዋ በኩል ስትደገፋት ካየሁ ገፍትሬ አስነሳታለሁ። እኛ ክርስቲያኖች ነን፣ እነሱ ሙስሊሞች፤ ከሥጋ በቀር በሁለቱ ቤት መካከል የማይሄድና የማይመጣ ምግብ አልነበረም።

እማ ዘሀራ ባሏ ከሞተ ወዲህ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ሳንቡሳ እየሸጠች ነበር የምትኖረው። የቀረው ጊዜዋ የጓሮዋ ነው። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ዱባ፣ እጇ የነካው ሁሉ ይበቅላል። የእናቴ ፍቅር ደግሞ ዶሮ ነበር። አባቴ ኮምቦልቻ ስለሚሠራ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ እናቴ ከእሱ ይልቅ ከዶሮዎቿ ጋር ብዙ ታወራለች ብል ማጋነን አይሆንም። ስም አውጥታላቸው ነበር። ቀበጧ፣ ሹሟ፣ ወይዘሪት። ወይዘሪት ከቆጥ ስትወርድ እናቴ «እንደምን አደርሽ» ትላታለች። እኔን ያንን ያህል አትለኝም፤ ቅናቱ እስከ ዛሬ አለ።

ጓሮ የሚወድ ሰውና ዶሮ የሚወድ ሰው ጎረቤት ሲሆኑ ምን እንደሚመጣ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የእናቴ ዶሮዎች እኔና ሀያት የምንሾልክበትን ቀዳዳ አገኙት። ግንቦት ላይ ነው፤ እማ ዘሀራ የጎመን መደቧን አፍልታ ነበር፤ ገና ሁለት ቅጠል ያወጣውን ቡቃያ ዶሮዎቹ ጭረው ጨረሱት። እማ ዘሀራ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ ጮኸች።

«ትርንጎ! ዶሮዎችሽን ያዢልኝ ብዬ ስንቴ ልንገርሽ? ወላሂ፣ ዳግመኛ ኸጓሮዬ ካየኋቸው መላቸውን እኔ አውቃለሁ!»

እናቴም ሳቅ እያለች «እሺ በቃ፣ ምን ያስጮኻል» አለች። ነገሩ በዚሁ ያበቃ መስሎን ነበር።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከውጫሌ ገበያ አንድ አውራ ዶሮ ገዝታ መጣች። ቀይ፣ ጅራቱ የሚያበራ፣ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ የሚያየው። ጥቂት ቀን እንደሰነበተ አንገቱን ደፍቶ ጥግ ላይ መቆም ጀመረ። ከዚያ አንገቱ ወደ ኋላ ይጠመዘዝ ጀመር፤ ኩሱ አረንጓዴ ሆነ፤ ሞተ። ወይዘሪት ተከተለችው። ሹሟ ውኃ ልትጠጣ ጎንበስ እንዳለች እዚያው ቀረች። እናቴ እያንዳንዷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ነጭ ሽንኩርት ስታስውጥ፣ ስታሽ፣ ስትለምን ዋለች። ሳምንቱ ሳያልቅ ግቢያችን ጭር አለ። ዶሮ የሌለበት ግቢ ጠዋት ምን ያህል ዝም እንደሚል ያወቅሁት ያኔ ነው።

አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ይህ ፈንግል ነው። ዝናብ ሊገባ ሲል ይመጣል፣ ዶሮ ይጨርሳል፣ ይሄዳል። ነገር ግን በዚያ ዓመት ከሠፈሩ ዶሮ ያለቀባት እናቴ ብቻ ነበረች። እናቴ ደግሞ «መላቸውን እኔ አውቃለሁ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ተቀምጧል።

ቦኖ ላይ ነው ያፈነዳችው። ሴቱ ሁሉ ጀሪካኑን ደርድሮ ተራ ይጠብቃል። የእማ ዘሀራ ተራ ደርሶ ጀሪካኗ እየሞላ ነበር። እናቴ ከኋላ መጥታ፣ ምንም ሳታስቀድም፣

«ዶሮዎቼን መርዝ ሰጥታ የገደለች ይቺ ናት!» አለች። «እጇ መርዝ ነው! ኸሷ እጅ የሚበላ ልጁን ይቅበር!»

ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈስሳል፤ የሚዘጋው ሰው የለም። እማ ዘሀራ ትሳደባለች ብዬ እጠብቅ ነበር፤ ብትሰድባት ደስ ባለኝ። እሷ ግን «ትርንጎ፣ አላህ ይይልሽ» ብላ ጀሪካኗን አንስታ ሄደች። ክዳኑን እንኳ አልገጠመችውም፤ ውኃው ቀሚሷ ላይ እየተንቦጫረቀ ወረደ።

እናቴ የተናገረችውን ሰው ሁሉ አመነ ማለት አይደለም። ግን መርዝ የሚባል ቃል አንዴ ከወጣ፣ የማያምነውም ሰው እጁን ይሰበስባል። በማግስቱ ትምህርት ቤት በር ላይ እማ ዘሀራ ሳንቡሳዋን እንደወትሮው በነጭ ጨርቅ ሸፍና ተቀምጣ ነበር። ልጆቹ በዚያኛው ዳር ተጠግተው ያልፋሉ። አንዱ ጎረምሳ ጓደኛውን ወደ እሷ እየገፋ «ቅመሰው እስቲ! ቅመሰው!» ይለዋል። ከክፍል ስንለቀቅ ሳንቡሳው እንዳለ ነበር። ተሸክማው ስትሄድ ከኋላዋ እያየኋት ቆሜ ቀረሁ፤ ልጠራትም ፈልጌ ተውኩት።

የተውኩበት ምክንያት ነበረው። ማንም ያላሰበው ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። እጇ መርዝ ከሆነ ጡቷስ? እኔ እኮ ዓመት ሙሉ የጠጣሁት የእሷን ወተት ነው። መርዙ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ቀኑን የሚጠብቅ መሰለኝ። ሆዴን ቁርጥ ባደረገኝ ቁጥር አበቃልኝ እላለሁ። መስተዋት ፊት ምላሴን አውጥቼ አረንጓዴ መሆን አለመሆኑን አያለሁ። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማደርገው አንገቴን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞር ነበር፤ እንደ አውራ ዶሮው ይጠመዘዝ እንደሆነ ለማየት። ለእናቴ እንዳልነግራት፣ ብነግራት እንደገና ቦኖ ላይ ወጥታ የምትጮህ መሰለኝ። ስለዚህ ለሀያት ነገርኳት።

«አንቺንስ ሆድሽን አያምሽም?» አልኳት በእረፍት ሰዓት። «አንቺም እኮ ጠጥተሻል።»

ሀያት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት በጥፊ አለችኝ። ከዚያ እሷው ራሷ ታለቅስ ጀመር፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ወንበር ለየች። አጥሩ ላይ ያለውን ቀዳዳ ደግሞ እናቴ እሾህ ጎሰጎሰችበት።

ብዙ ሳይቆይ እማ ዘሀራ ክረምቱ ሲወጣ ቤቷን ዘግታ ወንድሟ ወዳለበት ወደ አምባሰል ገጠር ልትሄድ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ከእጇ የሚገዛ ከሌለ በምን ትኑር? አባቴ ይህን ሰምቶ ከኮምቦልቻ መጣ። ከእናቴ ጋር በሹክሹክታ ሲከራከሩ ዋሉ። በመጨረሻ ወጥቶ ሄዶ ሸህ ይማምን ጠራቸው።

ሸህ ይማም ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሽማግሌ ነበሩ። ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ፤ ሁለቱን ሴቶች በየተራ ሰሙ። እናቴ መርዝ ነው አለች፤ እማ ዘሀራ አላደረግሁም አለች። ሸህ ይማም እንቅልፍ የወሰዳቸው እስኪመስለኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«መርዝ ሲሰጥ ያየ የለም» አሉ በኋላ። «ፈንግል ነው ብላት ደግሞ ትርንጎ አትሰማኝም። እንግዲያማ እንዲህ እናድርግ። ይኸ ቅንጭብ ኸመሀል ይነሣ። በቦታው ዶሮ የሚውልበት የሽቦ አጥር ይሠራ፤ አንዱ በር በትርንጎ በኩል፣ አንዱ በዘሀራ በኩል። ቄብ ዶሮዎቹን እኛ እናመጣለን፤ ትርንጎ ታርባቸው። ዘሀራ ደግሞ እዚያው ውስጥ ዱባ ትትከል።»

«ዶሮ ውስጥ?» አለ አንዱ ሽማግሌ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አዎ፣ ዶሮ ውስጥ! ዱባው ሽቦው ላይ ወጥቶ ዶሮዎቹን ኸጭልፊት ይጋርዳል፤ ዶሮዎቹ ዱባውን ትል ይለቅሙለታል። ያንቺ ንብረት በሷ እጅ፣ የሷ ንብረት ባንቺ እጅ። መስከረም ሲጠባ ሁለቱም ደህና ኸሆኑ፣ አውፍ ተባብላችሁ ትታረቃላችሁ። ዶሮውም ይሁን ዱባው ኸሞተ ግን ሽምግልናው ፈረሰ፤ ዘሀራም ወደምትሄድበት ትሂድ፣ አጥሩም ይመለስ።»

እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዱባው ከሞተ ወይም ዶሮ ከታመመ፣ እማ ዘሀራንና ሀያትን ዳግመኛ አላያቸውም።

አሮጌው የዶሮ ቤት ተቃጥሎ አመዱ ተበተነ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ አፈሩን ካጠበው በኋላ፣ ቅንጭቡ በነበረበት ላይ የሽቦ አጥሩ ቆመ። እማ ዘሀራ ዶሮ መሀል ተክል እንዴት እንደሚያድግ ታውቅበታለች። ቂጡ የወለቀ ማሰሮ አምጥታ ለእያንዳንዱ ቡቃያ እንደ አንገት ልብስ አጠለቀችለት። በማሰሮው ዙሪያ ዶሮ መጫር እንዳይችል ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፈች፤ በድንጋዮቹ መሀል እሾህ ሰካች። ቄቦቹ ገብተው መጀመሪያ ቀን ድንጋዩን ጭረው ጭረው ጥፍራቸው ሲያንሸራትታቸው፣ ተናደው የሚንጫጩት እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትውጥ አየኋት።

ያ ክረምት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለቱ ሴቶች አንድ ላይ ገብተው አያውቁም። አንዷ በርዋን ስትከፍት የሽቦው ማጠፊያ ይጮኻል፤ ይህን የሰማችው ሌላዋ ቤቷ ውስጥ ትቆያለች። ሲዘጋ ሲጮህ ደግሞ የዚያኛዋ ተራ ይሆናል። እኔ በመስኮት ሁለቱንም ሳይ እውላለሁ። አንዲት ዶሮ አስነጠሰች ብዬ ምሳዬን ትቼ የሮጥኩበት ቀን አለ። ኩሳቸውን አያለሁ፣ ቀለሙ ነጭ ነው ወይስ አረንጓዴ። አንገታቸውን አያለሁ። ቅጠሉ ላይ ቀዳዳ ካየሁ ዶሮ ነው የነጨው ወይስ ትል ብዬ እጨነቃለሁ። ዱባው ግን ምንም አልመሰለውም፤ ሐምሌ ሲጋመስ ሐረጉ ሽቦውን ይዞ መውጣት ጀመረ። ከሥሩ ጥላ ሆነ፤ ዶሮዎቹ ከዝናብ እዚያ ይጠለሉ ነበር።

ከዚያ እናቴን አየኋት።

እማ ዘሀራ ለሥራ ወጥታ ነበር፤ ሐይቁ ዳር የሰው ማሳ ታርም ነበር ያን ሰሞን። እናቴ በሩን እንዳይጮህ በሁለት እጇ ደግፋ ከፈተችው። ወደ እማ ዘሀራ ቤት ዞር ብላ አየች። ቆርቆሮ ይዛ ገባችና ዱባው ሥር ቁጢጥ አለች። ጀርባዋ ወደ እኔ ስለሆነ እጇ አልታየኝም፤ ድንጋይ ሲነሣና ሲመለስ ብቻ ሰማሁ። ስትወጣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና እንደገና ዙሪያዋን አየች። በሌላም ቀን እንዲሁ አደረገች፤ ከዚያም በሌላ ቀን።

ነሐሴ ሲገባ የዱባው ቅጠል ጠርዝ እሳት እንደላሰው እየጠቆረ መጠምለል ጀመረ። ሌሊት ቀና ብሎ ያድራል፤ ቀን ይወድቃል። እኔ ምን እንዳሰብኩ መገመት አይከብድም። እናቴ ቂሟን እየተወጣች ነው አልኩ። ለአባቴ እንዳልናገር እሱ የለም፤ ለሀያት እንዳልናገር በጥፊ ትለኛለች። ሁለት እናቶች ነበሩኝ፤ አሁን ሁለቱም መርዘኞች ሆኑብኝ። እናቴ የሰጠችኝን ምሳ ባልዋጥኩበት ሰሞን «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» እያለች ግንባሬን ትዳስሳለች። እጇ ሲነካኝ እሸሻለሁ። ይህን ሳስታውስ እስካሁን ያመኛል።

ለካ እኔ ብቻ አልነበርኩም የማየው፤ ሀያትም በእነሱ መስኮት ታይ ነበር። እኔ የዋጥኩትን እሷ ለእናቷ ነገረች። እማ ዘሀራ ግን እንደ እናቴ ቦኖ ላይ ወጥታ አልጮኸችም። ወንድሟን እንድሪስን አስጠራች፤ ሸህ ይማምንም ላከችባቸው። ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን፣ ዱባው ጨርሶ ከደረቀ በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ረፋድ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ በዶሮው አጥር ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሠፈርተኛውም ጉድ ሊያይ ተሰብስቧል። እንድሪስ አህያ ይዞ መጥቶ የእህቱን ዕቃ ቀድሞ ጭኖ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ ከሳሿ እማ ዘሀራ ለሽማግሌዎቹ ትኩስ ቂጣ በሰፌድ አቅርባ ነበር፤ ከሽምግልና ምንም ሳይቀምሱ መነሣት ነውር ነው። ሰፌዱ መሀል ላይ ተቀምጧል፤ ሰው ያየዋል እንጂ እጁን የሚዘረጋ የለም።

«ትርንጎ» አሉ ሸህ ይማም፣ «ዘሀራ በሌለችበት ገብተሽ ነበር?»

«ገብቻለሁ» አለች እናቴ።

«ዱባው ሥር ምን ታደርጊያለሽ?»

የእናቴ ፊት ቲማቲም መሰለ። «ኩስ አለብሰው ነበር» አለች በመጨረሻ። «እንዲፋፋ ብዬ።»

«እንዲፋፋ!» ብሎ እንድሪስ ብድግ አለ። «እንዲፋፋ ተደብቃ ትገባለች? መርዝ ነው የጨመረችበት! እህቴን በሰው ፊት መርዘኛ ያለች፣ እሷ ራሷ ማን እንደሆነች አያችሁ?»

«ለምን ተደበቅሽ ልጄ?» አሉ ሸሁ።

«እንድታየኝ አልፈለግሁም» አለች እናቴ መሬት መሬት እያየች። «አፈረች እንዳትል ብዬ ነው።»

ከሰው መሀል አንዷ «እህህ!» አለች። ማንም እንዳላመናት ከፊታቸው ይታያል። እናቴ ቀና ብላ ከአንዱ ወደ አንዱ አየች፤ አንድ እንኳ የሚያዝንላት ዓይን ስትፈልግ። አላገኘችም። እኔም አላመንኳትም ነበር፤ እኔንም ስታየኝ አቀረቀርኩ።

እማ ዘሀራ ተነሣች። በበሯ በኩል ገባችና ዱባው ሥር ቁጢጥ አለች። ጠፍጣፋውን ድንጋይ አነሣች፣ ማሰሮውን ወደ ጎን አደረገች፣ በጣቶቿ ትቆፍር ጀመር። ቄቦቹ ትል ያገኘች መስሏቸው ተንጋግተው ከበቧት። ከአፈሩ እፍኝ አንሥታ አሸተተችው። ሥሩን ጎትታ ጥፍሯን አስገብታ ላጠችው። በዚያች ደቂቃ እማ ዘሀራ የምትናገረው ቃል እናቴን እስከ ዕለተ ሞቷ ይከተላታል፤ ያን ጊዜ ልጅ ብሆንም ይህ ገብቶኛል። እናቴም ገብቷታል።

«ኩስ ነው» አለች እማ ዘሀራ።

«ምን አልሽ?» አለ እንድሪስ።

«ኩስ ነው አልኩ እኮ! ትኩስ ኩስ ነው። ሳይበርድ ስላለበሰችው ሥሩን አቃጥሎታል። ትርንጎ ስለ ዶሮ እንጂ ስለ ዱባ ምን ታውቃለች?» አፈሩን ከእጇ አራገፈች። «መርዝ አይደለም። አላወቀችም፤ በቃ።»

«ይሁን፤ ዱባው ግን ሞቷል» አለ እንድሪስ። «ውሉ ኸሞተ ፈረሰ ነው የሚለው። አይደለም ወይ ሸሁ?»

ሸህ ይማም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት «እውነቱን ነው፤ ፈርሷል» አሉ።

ሰው መንቀሳቀስ ጀመረ። እንድሪስ ወደ አህያው ዞረ። ሀያት የእናቷን ቀሚስ ይዛ ታለቅሳለች። ያኔ እናቴ ተነሣች።

«ዘሀራ» አለች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም ነበር። «የኔዎቹንም የገደላቸው ፈንግል ነው። ኸውጫሌ ያመጣሁት አውራ ዶሮ ነው ይዞት የመጣው። ያኔም ልቤ ያውቅ ነበር። አንዴ ኸአፌ ወጥቶ መመለሻው ጠፋኝ። አውፍ በይኝ።»

እማ ዘሀራ ወደ እናቴ ዞረች። «እኔስ አውፍ ብያለሁ ትርንጎ» አለች። «ቦኖ ላይ የተናገርሽውን ግን ማን ይሰበስበዋል? ይኸው ቂጣዬ እንደተቀመጠ ነው።»

እውነቷን ነበር። ሰው ሁሉ ሰፌዱን አየና ዓይኑን ሰበረ። እናቴ ወደ ሰፌዱ አየች፣ ወደ ሰዉ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች። ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ፤ እማ ዘሀራ ፊት አቆመችኝ። ከሰፌዱ አጠገብ የነበረውን ማንቆርቆሪያ አንሥታ እማ ዘሀራን እጇን ታስታጥባት ጀመር፤ ጎንበስ ብላ፣ ለትልቅ እንግዳ እንደሚደረገው። አፈሩ ከጣቶቿ መሀል እየታጠበ ወረደ።

«አጉርሻት» አለች እናቴ። «ልጄን አጉርሻት። ሁሉም ይይ።»

እማ ዘሀራ ቂጣውን ቆርሳ ያዘች፤ ወደ አፌ ግን አላመጣችውም። «ትፈራኛለች እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ልጅቷ ትፈራኛለች።»

አዎ፣ እፈራ ነበር። ሆዴ ውስጥ አለ ያልኩት መርዝ ሁሉ በአንድ ጊዜ የነቃ መሰለኝ። ግን ዓይኗን አየሁት። ዕንባ አቅርሮ፣ የኔን እንቢታ እየጠበቀ ነበር። ይህን መቻል አልቻልኩም። አፌን ከፈትኩ።

ቂጣው ገና ትኩስ ነበር። ዘይትና በርበሬ፣ ትንሽ ጨው። አላመጥኩ፤ ዋጥኩ። ሰው ሁሉ ጉሮሮዬን ያያል፤ እኔም የምሞት ከሆነ አሁን ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። የሆነ ነገር የለም፤ በርበሬው ብቻ ነው ያቃጠለኝ። «ድገሚኝ» አልኳት።

ከመድገሟ በፊት እናቴ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ አጠገቤ በርከክ አለች። ያቺ ኩሩ ሴት በሠፈር ፊት አፏን ከፈተች። እማ ዘሀራ ሌላ ቂጣ ቆርሳ ያዘች፤ ያዘችና ቆየች። ቦኖውንም፣ የትምህርት ቤቱን በርም ሁሉ የምታስብ ይመስለኝ ነበር። እናቴ አልዘጋችውም። አንገቷን አቅንታ፣ አፏን እንደከፈተች፣ ጠበቀች።

«ዝንብ ሳይገባብሽ እንቺ» አለች እማ ዘሀራ፤ አጎረሰቻትም። እናቴ እያላመጠች ዕንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ሸህ ይማም እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ሰፌዱ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ ሌሎቹ ሽማግሌዎች፣ ከዚያ «እህህ!» ያለችው ሴትዮ። እንድሪስ ጥቂት ቆሞ አየና ከአህያው ላይ ገመዱን እየፈታ «ለእኔም አስቀሩልኝ እንጂ» አለ። ያን ቀን ቂጣው ለሁሉም አልተዳረሰም።